ስለ ድሪቶ ቆብ አሰፋፍ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ትምህርት ቤት ቴአትር አልባሳት አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ካባ አቆራረጥ ወይም ከካርቶን ስለሚሠራ ዘውድ እናገራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ይህን በጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ቆብ ብቻ ነው። ከ44 እራፊ የተሰፋ የድሪቶ ቆብ ነው። የተሰፋውም በቤቴ፣ በእጅ ነው፤ የስፌት መኪና አልነካውም። ስለ እርሱ ከመናገሬ በፊት ግን ከእርሱ በፊት ስለ ሰፋሁት፣ ዛሬ በእጄ ስለሌለው ሌላ ቆብ መናገር ይኖርብኛል። የስሕተቴ ታሪክ ያለው በዚያኛው ዘንድ ነውና።

አስቀድመን በቃሉ እንስማማ። እራፊ ከልብስ የተረፈ ወይም ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ነው። ልብስ ሲቀደድ በቀዳዳው ላይ እራፊ አድርጎ መስፋት መጣፍ ይባላል። መጣፉ እየተደጋገመ ሄዶ የመጀመሪያው ልብስ የትኛው እንደ ነበረ መለየት ሲያዳግት፣ ያን ጊዜ ልብሱ ድሪቶ ሆነ እንላለን። በውጭ አገር የስፌት መጻሕፍት በሥዕል የምናየው፣ ቁራጭ ጨርቆችን በመልክ በመልካቸው እየገጠሙ አዲስ ነገር መስፋት ግን ከዚህ የተለየ ሙያ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ ሁለቱን አንድ አድርገን ስናስተምር ኖረናል። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ነበር፤ ስሕተቴም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በጣርማ በር ነው። ጣርማ በርን በመኪና ያላለፈ ከመካከላችን ጥቂት ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ደጋው በድንገት የሚያልቅበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በር ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ተራራውን በስተው መንገዱን በዋሻ አሳልፈውታል። ከዋሻው በወዲያኛው አፍ ሲወጡ ደብረ ሲና ከእግር በታች ትታያለች፤ ከእርስዋም ወዲያ ቆላው ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሲወጣ በቀትርም ቢሆን መኪና መብራት አብርቶ ያልፋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ የበር ነፋስ የወንዶቹን ጋማ ወደ አንድ ወገን ሲያበጥረው ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባል በሌላ አገር ሌላ ትርጉም አለው፤ በጣርማ በር ግን የዕለቱ የአየር ጠባይ መግለጫ ነው።

ስለዚህ በዚያ ስፍራ ቆብ ጌጥ አይደለም። ራሱን ሳይሸፍን የሚወጣ እረኛ ታሞ ይተኛል። ለዚህም የአካባቢው በግ ያግዛል። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ፀጉሩ ሸካራ ቢሆንም በአገራችን ፀጉራቸው ለልብስ ከሚውል ጥቂት የበግ ዘሮች አንዱ ነው። ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ የሚሠራው ከዚሁ ፀጉር ነው፤ በ1950ዎቹ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋምም የደጋው በግ ፀጉር የታሰበበት ነገር ነበር። በመንገዱ ዳር ልጆች ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብ ይዘው ለመንገደኛ ያሳያሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ለመንገደኛ የማይታይ ቆብ አለ። ይህም በየቤቱ ከእራፊ ተሰፍቶ እረኛው ልጅ የሚደፋው ነው። ማንም አይሸጠውም፤ ማንም አይገዛውምና።

እኔ በዚያ አካባቢ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርት ነበርሁ። የቴአትር ክበቡንም እንድመራ ታዝዤ ነበር። ተማሪዎቹ በአውሬዎች የሚተወን ጨዋታ ለማዘጋጀት ሲነሡ እኔ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት መነሻ ሆኖ የሚቆጠረው ሥራ ራሱ የአውሬዎች ጨዋታ ነው። እንደሚታወቀው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን የጊዜውን አስተዳደር የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኚህ ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸውም ይታወቃሉ። የተወለዱት በሰያ ደብር ነው፤ ይኸውም የዚያው የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው «እንግዲያው የኛ ሰው ነዋ!» አሉ፤ ሥራውም በዚህ መንፈስ ተጀመረ።

በተማሪዎቹ ጨዋታ ውስጥ አንበሳው ይፈርዳል፣ ጅቡ ይመሰክራል፣ ዝንጀሮው ደግሞ የአንበሳው አጫዋች ሆኖ እውነቱን በቀልድ ይናገራል። ለአጫዋቹ ቆብ ያስፈልገው ነበር። እኔም አንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ የአርሌኪኖን ሥዕል አይቼ ስለ ነበር ለገበያ ቀን ደብረ ብርሃን ወርጄ ሦስት ዓይነት አዲስ ጨርቅ ገዛሁ፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቴትሮን። በመቀስ እኩል እኩል አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥሁት፤ በሲንጀር መኪናዬም በአንድ ሌሊት ሰፍቼ ጨረስሁት። በጫፎቹ ላይ ዘርፍ አደረግሁበት። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የደመቀ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼበት ነበር።

የአጫዋቹን ክፍል የያዘው ልጅ ከሁሉም የተሻለ ተዋናይ ነበር። ከትምህርት በኋላ በመንገድ ዳር የበግ ፀጉር ቆብ ይሸጣል፤ የሚለብሰው ኮት በትከሻውና በሁለቱ ክርን የተጣፈ ነበር። ቆቡን ስሰጠው ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየውና መልሶ በጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ቲቸር፣ ይኼ እኮ አልተቀደደም» አለኝ። «ያልተቀደደ ጨርቅ ለምን ይጣፋል?»

ለጨዋታ እንደ ሆነ፣ ሰው እንዲስቅ እንደ ተሠራ ነገርሁት።

«አያቴ ትመጣለች። በኛ ነው የሚስቁት ትላለች» አለ፤ ቆቡን አልደፋም አለ።

ያን ጊዜ ልብ ያለው መምህር ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን ቀኑ ደርሶብኝ ነበርና ልጁ እልከኛ ነው ብዬ ክፍሉን ለሌላ ተማሪ ሰጠሁት። ይኸኛው ልጅ የባለ ሱቅ ልጅ ነበር። ጨዋታው በሜዳ ላይ፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት ታየ። ቆቡ ከመድረክ ጀርባ ብቅ ሲል፣ ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ከፊት የተቀመጡት መምህራንና የከተማው ሰዎች ሳቁ። ከኋላ፣ በሣሩ ላይ የተቀመጡት ባላገሮች አልሳቁም። አንዳንዶቹ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ያኔ ብርዱ ነው ብዬ ነበር።

ልጁ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ትምህርት ቤት አልመጣም። የቀረው በእኔ ቆብ ምክንያት ነው ለማለት አልችልም፤ የእርሻ ወራት ነበርና ቤተሰቡ ለበግ ጥበቃ ይፈልጉት እንደ ነበር አውቃለሁ። ሆኖም አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ልጁ ከበጎቹ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ቤት ያገኘኋቸው አያቱን ነው። እማማ ደጃፍ ላይ፣ ነፋስ በማይደርስበት በግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ድሪቶ ይሰፉ ነበር።

መጀመሪያ እንደ መምህር አከበሩኝና «እርስዎ» እያሉ አነጋገሩኝ። ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አላነሡም፤ እኔም ለማንሣት ድፍረት አጣሁ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላሳፈረኝ የድሪቶውን አንድ ጫፍ ይዤ ላግዝዎት አልኋቸው። መርፌ ሰጡኝ። ጥቂት ከሰፋሁ በኋላ እጄን አይተው «እንዲህ አይደለም እኮ፣ ልጄ። አንቺ የምትሰፊው ለዓይን ነው» አሉኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆንሁ። ልብስ ስፌት በማስተማር ደመወዝ የምበላ ሰው፣ ልብስ ስፌት መማር የጀመርሁት በዚያ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቅዳሜ ተመላለስሁ። ይህ ቆብ የዚያ ፍሬ ነው። የተማርሁትን እንደሚከተለው ለመግለጽ እሞክራለሁ፤ የምጨምረው የራሴ ልክና ቁጥር ብቻ ነው፤ እማማ በሜትር አይለኩም ነበርና።

የመጀመሪያው ነገር የእራፊ አመራረጥ ነው። በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ እንደማይጣፍ በወንጌል የተጻፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምሥጢሩን ለሊቃውንቱ ትቼ የስፌቱን ነገር ብቻ ብናገር፣ ይህ ፈጽሞ እውነት ነው። ያልታጠበ ጨርቅ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ የታጠበው ግን አስቀድሞ ተሰብስቦ ስላለቀ ባለበት ይቆያል። ሁለቱ አብረው ከተሰፉ አዲሱ አሮጌውን ይጎትተዋል፣ ይቀደዋልም። ስለሆነም እማማ ማናቸውንም እራፊ በፈላ ውኃ ሳይነክሩና በፀሐይ ሳያደርቁ አይሰፉም። ይህ የንጽሕናም ጉዳይ ነው፤ ሰልባጅ የምትጠቀሙ መምህራን በተለይ አትርሱት። ቀለም የሚለቀውን ለመለየት እርጥቡን እራፊ በነጭ አቡጀዲ መሐል አድርጎ መጭመቅ ይበቃል፤ ቀይ ጨርቅ ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ቀጥሎ ጥንካሬውን መፈተን ነው። እራፊውን በሁለት እጅ ይዞ በድሩ አቅጣጫ አንድ ጊዜ፣ በማጉ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ነው። ከኮት ጀርባ የሚገኝ እራፊ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ከክርንና ከጉልበት የሚገኝ ግን ቢያምርም አልቋልና መጣል አለበት። ካኪ ጠርዝን ይችላል። ጋቢ ለውስጥ ይሆናል። ከፋይ በጣም ያምራል፤ ነገር ግን እየሸሸ አያሰፋምና በአንድ ቆብ ላይ ከአንድ ቁራጭ በላይ አላስገባም።

ስለ ቀለም የምለው አጭር ነው። በገጠር ትምህርት ቤት መድረኩ የሚበራው ብዙ ጊዜ በፋኖስ ነበር፤ ዛሬም መብራት የጠፋ ዕለት እንዲሁ ነው። በፋኖስ ብርሃን ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አይለዩም፤ ቢጫና ነጭም እንዲሁ። ስለዚህ እራፊዎቹን በቀለማቸው ሳይሆን በጥቁረታቸውና በንጣታቸው መደርደር ይሻላል። መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው።

አሁን ወደ ልኩ ልሂድ። የጭንቅላት ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለምቾት 1 ሳንቲ ሜትር ጨምረን 57 እንለዋለን። ቆቡ ስድስት ክፋይ ስላለው የእያንዳንዱ ክፋይ የታች ስፋት 9.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በግራና በቀኝ ለስፌት አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲታከልበት 11.5 ነው። ቁመቱ 17.5፤ ከዚህ ውስጥ የታችኛው 3.5 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የቀረው 14 ሳንቲ ሜትር እየጠበበ ሄዶ አናት ላይ ይሾላል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎኑን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ከቆረጠው ቆቡ እንደ ጎጆ ክዳን የሾለ ይሆናል። ጭንቅላት ግን ክብ ነው፤ ስለዚህ ጎኑ ወደ ውጭ ጎበጥ ማለት አለበት። በሚጠበው ክፍል መሐል፣ ማለትም 7 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የስፌቱን ትርፍ ሳይጨምር ስፋቱ 6.7 ሳንቲ ሜትር መሆን ይገባዋል፤ በማስመሪያ የተቆረጠው እዚያ ላይ 4.75 ብቻ ይሆናል። የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ በስድስት ክፋይ ስትባዛ ግን ቆቡ ከራስ ላይ ወጥቶ ቁጭ እንዲል ታደርገዋለች።

ክፋዮቹን በመጀመሪያ ከአቡጀዲ እንቆርጣለን። እራፊዎቹ የሚሰፉት በዚህ አቡጀዲ ላይ ነው። በመጽሔቶች የሚመከረው፣ መጀመሪያ ትልቅ የእራፊ ጨርቅ ሰፍቶ በኋላ ክፋዮቹን ከእርሱ መቁረጥ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ቆብ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ጉዳቱ ግን መቀሱ ያለቀውን ስፌት በየቦታው እየበጠሰ ማለፉ ነው። እማማ ይህን ስነግራቸው በጣም ነበር ያዘኑት፤ «የሰፉትን መልሶ መቁረጥ ምን ማለት ነው?» አሉ።

የእራፊው አደራደር ከታች ወደ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ክፋይ ላይ ከጠርዙ ተጀምሮ የላይኛው እራፊ የታችኛውን እየደረበ ይወጣል። «ሣር ክዳን አላየሽም? ላይኛው ታችኛውን ይደርባል፤ ውኃው መግቢያ ሲያጣ ይወርዳል» ነበር ያሉኝ። የእኔ የመጀመሪያው ቆብ እራፊዎች ጎን ለጎን የተገጠሙ ነበሩ፤ ዝናብ ቢያገኘው በየስፌቱ ሁሉ ያስገባ ነበር። ለመድረክ ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይተን እንመለስበታለን።

በእያንዳንዱ ክፋይ ሰባት እራፊ ገባ። ከአናቱ በታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ግን ባዶውን ይተዋል። ስድስቱ ክፋዮች አናት ላይ ሲገናኙ የስፌቱ ትርፍ ብቻውን 12 ድርብ ይሆናል፤ በዚያ ላይ እራፊ ከተጨመረ መርፌ አያልፍም፤ የመኪና መርፌም ይሰበራል። ያ ባዶ ቦታ በመጨረሻ በአንድ ክብ እራፊ ይሸፈናል። ስድስት ጊዜ ሰባት 42፣ ከክቡ ጋር 43 መሆኑ ነው።

ክሩ ድርብ ሆኖ በሰም ይታሻል። ስፌቱ አጭርና በጣም ያልጠበቀ መሆን አለበት። እማማ ክሩን ጨርሰው አይስቡትም፤ ለጨርቁ መተንፈሻ ይተዉለት ነበር። ክፋዮቹ ከተጋጠሙ በኋላ ገበሩ በዚያው ልክ፣ ግን በእያንዳንዱ ጎን በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጠበብ ተደርጎ ይሰፋል፤ ውስጥ የሚገባ ነገር ከውጭው ካላነሰ ይጨማደዳልና። በገበሩና በአቡጀዲው መካከል የተባዘተ የመንዝ በግ ፀጉር በስሱ ይነጠፋል። በመጨረሻ የቆቡ አፍ በካኪ ይቀመቀማል። ቅርጹን ለማስያዝ በእርጥቡ ልክ በሚሆነው ድስት ላይ ደፍቶ ማድረቅ ይበቃል፤ የከሰል ካውያ አያስፈልግም።

ሥራውን በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስንጨርስ ከመጽሔቱ ላይ ያየሁትን አርሌኪኖ መልሼ አሰብሁት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በጣሊያን መድረክ ላይ ይህ ሰው የደኸየ አገልጋይ ነበር፤ ልብሱም እንደ እውነተኛ ድሪቶ ወጥነት የሌለው፣ በየቦታው የተጣፈ ነበር። በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ግን እራፊው ተስተካክሎ እኩል እኩል የሆነ ባለ ቀለም ቅርጽ ሆነ፤ ከዚያም እያማረ ሄዶ የሐር ልብስ ሆነ። የለባሹ ድህነት ከልብሱ ላይ ጠፍቶ ሣቁ ብቻ ቀረ ማለት ነው። እኔ ከሥዕሉ የገለበጥሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። ይህንን ልብስ ድሪቶ በማይለበስበት አዳራሽ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ኮታቸው በተጣፈ ሰዎች ፊት ማሳየት ግን ሌላ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይኼኛው ወደ እኛ ይቀርባል። በሕንድ አገር በካርናታካ ግዛት ሲዲ የተባሉ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘሮች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሐበሻ ተብለው ከተጠሩት ወገኖች እንደሚወለዱ ይታመናል። ሴቶቻቸው ካዋንዲ የሚባል የእራፊ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ከአንዱ ማዕዘን ጀምረው፣ ዙሪያውን በተራመደ ስፌት እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ፤ በመጨረሻ በአራቱ ማዕዘን ላይ አበባ የሚሉትን የእራፊ ጌጥ ያደርጋሉ፤ ያለዚያ ልብሱ እንደ ራቁት ይቆጠራል። ይህን ልብስ ዛሬ የዓለም ቤተ መዘክሮች ያሳዩታል። ነገር ግን መጀመሪያ የተሰፋው ሕፃን እንዳይበርደው ነው። ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል የመስፋቱን ሥርዓት ሳነብ እማማ ወዲያው ትዝ አሉኝ። ዝምድና አለው ልል አልደፍርም፤ እራፊ በእጁ ያለው ሰው የትም ቢሆን አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል ብዬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ተውሁት ጥያቄ ልመለስ። ከሥራ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ እንዲህ ይሉኛል፤ የመድረክ ልብስ የሚታየው ከሩቅ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ነው፣ ገበሩን ማን ያየዋል? ለአንድ ሳምንት ያህል መሥራት ለምን? አዲስ ጨርቅ ገዝቶ በአንድ ሌሊት መጨረስ ይቻላል። በከተማ ቴአትር ቤት ይህ አነጋገር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እዚያ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ልብስ የሚጠበቅበት ሠራተኛ አለ፤ አልፈርድበትም። በትምህርት ቤት ግን ይህን ሐሳብ አልቀበልም። ተማሪዎቻችን ድሪቶን ከቤታቸው ያውቁታል። የውሸት ጥፈት ከእውነተኛው ጥፈት በአንድ እይታ ይለያሉ፤ ያ ልጅ ለይቷል። የውሸት ጥፈት ስናስለብሳቸው የእናቶቻቸው ሙያ ማላገጫ መሆኑን እያስተማርናቸው ነው። ስለዚህ እኔ ለራሴ አንድ መመዘኛ አውጥቻለሁ፤ የድሪቶ ቆብ ከመድረክ ወርዶ በጣርማ በር ነፋስና ዝናብ ሊደፋ የማይችል ከሆነ ለመድረክም አላቀርበውም።

ሁለተኛውን ቆብ በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ተማሪ ደፍታ ተጫወተችበት። ቆቡ ብቅ ሲል የሳቀ አልነበረም። ልጅቷ ስትናገር ግን ከፊትም ከኋላም ሳቁ፤ ንግግሩ በእርግጥ የሚያስቅ ነበር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሦስት እናቶች ወደ እኔ ቀርበው ቆቡን ለመኑኝና ተቀበሉኝ። የላዩን አላዩም። ገልብጠው ገበሩን አዩ፤ አንደኛዋ በአውራ ጣትዋ የአናቱን ስፌት ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያም «ማን አሳየሽ?» አለችኝ። ነገርኋት።

ያ ልጅ በዚያው ዓመት ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነበር። ወደ ቴአትር ክበቡ ግን አልተመለሰም፤ እኔም አልለመንሁትም። አንድ ቀን በሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። ተማሪዎቹ እየሮጡ ሲበተኑ በመስኮት ሳይ ቆቡ በመንገዱ ላይ ሲሄድ አየሁት። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳያስፈቅድ አውጥቶ ደፍቶት ነበር። ወደ ዳገቱ ሲወጣ ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየሁት። የንብረት ኃላፊው ሪፖርት ላድርግ ቢለኝ እኔ ያዋስሁት ነው አልሁ፤ ይህን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሬ ነው።

ቆቡ ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረም ላይ በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ታጥቧል። በግራ በኩል፣ ከጠርዙ በላይ፣ ተቀዶ ኖሮ በአንዲት ትንሽ ግራጫ የበርኖስ ቁራጭ ተጥፏል። ስፌቱ አጭር ነው፣ ክሩም ተጨርሶ አልተሳበም። አርባ አራተኛው ይኸው ነው።

የክፋዩን ልክ በወረቀት ቆርጬ አምጥቻለሁ፤ መቅዳት የሚፈልግ በምሳ ሰዓት ከእኔ ዘንድ ማግኘት ይችላል። ቆቡንም አንሥታችሁ ገልብጣችሁ እዩት። ገበሩ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ በውስጡ ያለው ባዘቶ ግን የመጀመሪያው ነው።